ቆማ ያለችው መኪና ወይስ ልትቆም የምትገባው?

ጥያቄ፦ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የሰፈራችንን መንገድ የትራፊክ ፍሰት በኮምፒውተር ሲሙሌሽን ማጥናት እፈልጋለሁ። መንገዱ በየአቅጣጫው ሁለት ረድፍ ቢኖረውም ቀኙ ቀኑን ሙሉ በቆሙ መኪኖች የተያዘ ነው። ጓደኛዬ «ቀኙን ረድፍ ከሞዴሉ ሰርዘው፣ ይበቃል» ይለኛል። በእርግጥ ይበቃል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አይበቃም። ረድፉን መሰረዝ ቆማ ያለችውን መኪና ይወክላል፤ የቀረውን ረድፍ የሚያውከው ግን መኪኖች ሲገቡና ሲወጡ የሚፈጠረው መስተጓጎል ነው።

አንድ ረፋድ መንገዱ ዳር ቆመው ይመልከቱ። የፓርኪንግ ሠራተኛው እጁን እያወዛወዘ «ና፣ ና፣ በቃ!» ሲል ሾፌሩ ፍሬቻ ያበራል፣ ክፍቱን ቦታ ትንሽ አልፎ ይቆማል፣ ስፖኪዮውን እያየ ወደ ኋላ ይገባል። ተከታዩ ሾፌር ፍሬን ይይዛል፤ ከእሱ በኋላ ያለው ደግሞ ዘግየት ብሎ፣ ጠንከር አድርጎ ይይዛል። በዚህ ሁኔታ መኪናዋ ገብታ መንገዱ ከተለቀቀ በኋላም መቆሙ እንደ ማዕበል ወደ ኋላ እየተላለፈ ይሄዳል።

ሃይዌይ ካፓሲቲ ማኑዋል የተባለው የአሜሪካ የመንገድ አቅም መመሪያ ይህን በስሌት አስቀምጦታል። ከትራፊክ መብራቱ በፊት ባለው 75 ሜትር ገደማ ውስጥ የሚደረግ እያንዳንዱ መግባት ወይም መውጣት አጠገቡ ያለውን ረድፍ በአማካይ ለ18 ሰከንድ እንደሚዘጋ ይወስዳል፤ ከዚያ ሌላ፣ ዳሩን ተጠግተው የቆሙ መኪኖች መኖራቸው ብቻ የአንድ ረድፍ አቅም አንድ አሥረኛ ይቀንሳል። በሰዓት 20 መግባትና መውጣት ካለ 360 ሰከንድ፣ ማለትም ሌላ አንድ አሥረኛ ይጠፋል። ስለዚህ መብራቱ በሰዓት 900 መኪና ሊያሳልፍ ይችል የነበረው ረድፍ 720 ብቻ ያሳልፋል፤ የሚመጡት 850 ከሆኑ በአንድ ሰዓት 130 መኪና ተሰልፎ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚደርሰው ቀኙ ረድፍ ከተሰረዘ በኋላ በቀረው ላይ ስለሆነ፣ የጓደኛዎ ሞዴል ሰልፉን ጨርሶ አያየውም።

ሲሙሌሽኑን ራስዎ መጻፍ ከፈለጉ ናገልና ሽሬክንበርግ የተባሉ ጀርመናዊ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሞዴል ይመችዎታል። መንገዱን ባለ 7.5 ሜትር ክፍሎች ይከፋፍላል፣ ጊዜውን በሰከንድ ይቆጥራል፣ ሾፌሮች አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ፍጥነት እንዲቀንሱ ያደርጋል፤ ለመግባት የምትሞክረዋን መኪና አንድ ክፍል ለ18 እርምጃ እንደዘጋች አድርገው ይወክሏታል። ዝግጁ ፕሮግራም ከመረጡ የጀርመን የኤሮስፔስ ማዕከል ያዘጋጀው ሱሞ በነጻ ይገኛል። እዚህ ላይ ግን አደራ እላለሁ፤ የፓርኪንግ ማኑቨር (የመግባትና የመውጣት እንቅስቃሴ) ምርጫውን ካላበሩ መኪናዋ ቦታዋ ስትደርስ ለመግባት ጊዜ ሳትወስድ ወዲያው ከረድፉ ትወጣለች፣ ጥናትዎም ዋናውን ነገር ይስታል። «ወራጅ አለ» ሲባል ባለበት የሚቆመውን ሚኒባስ ደግሞ እንደ ፓርኪንግ ሳይሆን ረድፉ ላይ እንደሚደረግ መቆም ያስገቡት።

18 ሰከንዱን እንዳለ አይቅዱ። ፍሬቻ ከበራበት ቅጽበት ረድፉ እስኪለቀቅ ድረስ ያለውን ጊዜ በስልክዎ እየለኩ፣ ጠዋትም ከሰዓትም ይመዝግቡ። ሲሙሌሽኑንም የዕድል ቁጥሩን (ፕሮግራሙ የዘፈቀደ ምርጫዎቹን የሚጀምርበትን ቁጥር) እየቀየሩ ደጋግመው ያሂዱት፤ የአንድ ጊዜ ውጤት በአጋጣሚ የተገኘ ሊሆን ይችላል።