ማያዎቹ የተነሡት መሬት አጥተው ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ ዙሪያ ቡና አምራች ነኝ። ሜክሲኮ ውስጥ ቡና የሚያለሙ የማያ ተወላጆች ለመሬት ብለው ጦር አንሥተው ነበር ሲባል ሰማሁ። መሬት አልነበራቸውም? ዛሬስ የይዞታ ደብተር አላቸው?

መልስ፦ አንዳንዱ ነበረው፤ ሌላው ማመልከቻ አስገብቶ ዓመታት ይጠብቅ ነበር። በሜክሲኮ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 መሠረት ይሰጥ የነበረው «ኤሂዶ» መንደርተኛው በጋራ የሚይዘው፣ የሚያርሰው፣ ለልጁም የሚያወርሰው፣ ግን የማይሸጥ መሬት ነበር። የእኛን አንቀጽ 40 ለሚያውቅ እንግዳ አይሆንም። በ1992 እ.ኤ.አ. አንቀጹ ሲሻሻል ድልደላው ቆመ፤ ኤሂዶም ወደ ግል ተዛውሮ እንዲሸጥ በር ተከፈተ። ለጠባቂው ማመልከቻው ባዶ ወረቀት ሆነ።

ቡናው ቀድሞ ጎድቷቸዋል። በ1989 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት ኮታ (የየአገሩ የሽያጭ ድርሻ) ሲፈርስ ዋጋው በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወረደ። ቡና ይገዛና ባለሙያ ያቀርብ የነበረው መንግሥታዊው ኢንሜካፌም ከገበያ ወጣ። ገበሬው «ኮዮቴ» በሚሏቸው ደላሎች እጅ ወደቀ (ቀበሮ መሰል አውሬ ነው፤ ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም)።

ጦር ያነሣው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሳፓቲስታ ሠራዊት ታኅሣሥ 23 ቀን 1986 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 1 ቀን 1994 እ.ኤ.አ.) በደቡብ ሜክሲኮዋ የቺያፓስ ግዛት ከተሞችን ያዘ። የሰሜን አሜሪካ ነጻ ንግድ ስምምነት ሥራ የጀመረበት ዕለት ነው። ተዋጊዎቹ በአብዛኛው የማያ ቋንቋዎች የሆኑት የጸልታል፣ የጾጺል፣ የቾልና የቶሆላባል ተናጋሪዎች ነበሩ። ውጊያው 12 ቀን ቆየ።

በ1996 እ.ኤ.አ. መንግሥትና ሳፓቲስታዎቹ የፈረሙት የሳን አንድሬስ ስምምነት ለተወላጆች ራስን የማስተዳደር መብት ይሰጥ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግን ማኅበረሰቦቹን የሕዝባዊ መብት ባለቤት በማድረግ ፋንታ «የሕዝብ ጥቅም ያላቸው አካላት» አላቸው፤ ማለትም እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ማሻሻያ ድረስ መንግሥት የሚንከባከባቸው እንጂ በራሳቸው ስም መብት የሚጠይቁ አልነበሩም። ሳፓቲስታዎቹ ሕጉን አልተቀበሉትም።

ደብተሩን በተመለከተ፦ ከአመፁ በኋላ ከከብት አርቢ ባለርስቶች የወሰዱትን መሬት የሚመድበው የመንደሩ ጉባኤ ነው። አይሸጥም፣ አይከራይም። ብዙው የመንግሥት ማረጋገጫ የለውም፤ ስለዚህ ባንክ ለዋስትና አይቀበለውም፣ ከመንግሥት የእርሻ ድጎማም ራሳቸው አይወስዱም። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎረቤት የሆነ ሌላ ቡድን ያንኑ መሬት በስሙ አስመዝግቦ ሕጋዊ ወረቀት ይዞ ሲመጣ ነው። ጠቡ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው፤ ተኩስ የተከፈተባቸውም መንደሮች አሉ።