አዲስ የገዛኋቸው ዓሦች ምን ነካቸው?

ጥያቄ፦ በቅርቡ የገዛኋቸው የጌጥ ዓሦች ሰውነታቸው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጥቶባቸዋል። ክንፋቸውን አጣብቀው ከድንጋይ ጋር ይታከካሉ፤ አንደኛው ደግሞ ወደ ውኃው ገጽ እየወጣ አፉን ይከፍታል። መድኃኒት ልጨምርላቸው?

መልስ፦ መድኃኒት ከመጨመርዎ በፊት ውኃውን ይመርምሩ። አዲስ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች ገና ስላልበዙ አሞኒያና ናይትራይት የተባሉ ዓሣን የሚመርዙ ንጥረ ነገሮች ይከማቻሉ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከ0 በላይ ከሆነ፣ አየር ፍለጋ የሚወጣው ዓሣ በዚሁ መርዝ ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከፊሉን ውኃ ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ መለወጥ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ከዚያ ዓሣውን ከጎን በባትሪ ብርሃን ይመልከቱት። ነጥቦቹ እንደ ጨው ቅንጣት የተነጣጠሉና ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጡ ከሆኑ ኢክ የተባለውን ጥገኛ ተውሳክ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የደቀቀ ወርቃማ ብናኝ ከመሰሉ ግን ቬልቬት የሚባለው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። (ወንድ ወርቃማ ዓሣ በመራቢያ ወቅት የስንጥቡ ክዳን ላይ የሚያወጣው ነጭ ነጥብ በሽታ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት በከንቱ የሚታከሙ ዓሦች መኖራቸው ያሳዝናል።)

የኢክ ተውሳክ በዓሣው ቆዳ ውስጥ ሳለ መድኃኒቱ አያገኘውም፤ የሚሞተው ከዓሣው ወርዶ ከተራባ በኋላ ሌላ ዓሣ ፍለጋ ሲዋኝ ነው። ስለዚህ ነጥቦቹ ስለጠፉ ብቻ ሕክምናውን አያቋርጡ፤ ጤነኛ የሚመስሉትም ዓሦች አብረው ይታከሙ። መድኃኒቱን የሚመጥ ከሰል በማጣሪያው ውስጥ ካለ አስቀድመው ያውጡት። ወደፊት የሚገዟቸውን ዓሦች ደግሞ ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀልዎ በፊት 4 ሳምንት ያህል በሌላ ገንዳ ያቆዩአቸው።