ስለ ቼን ቺየንጀን ጠይቁ
ሰውየው የታይዋን ጤና ሚኒስትር፣ ምክትል ፕሬዚዳንትና ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው። አደራ፦ ሐኪም አይደሉም፣ የበሽታ ስርጭት ተመራማሪ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዶክተሩ እንዴት ሚኒስትር ሆኑ?
መልስ፦ በሳርስ፣ ተላላፊ በሆነው ከባድ የሳንባ በሽታ። ሜይ 2003 ወረርሽኙ ሆስፒታል ገብቶ ሲያምስ የነበሩት ሚኒስትር ለቀቁ፣ እሳቸው ተተኩ። ጁላይ 5 የዓለም ጤና ድርጅት ታይዋንን ከሳርስ ዝርዝር አወጣት። "ዶክተር" የተባሉት በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ባገኙት ፒኤችዲ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚያ በፊትስ?
መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! በደቡብ ምዕራብ ታይዋን ጠረፍ ሰዉ የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ይጠጣ ነበር። ውሃው አርሰኒክ የሚባል መርዝ አለበት። ጣዕም የለው፣ ሽታ የለው። የሰው እግር ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ይቆረጣል። "ጥቁር እግር" ይሉታል። እነ ቼን መንደር ለመንደር መዝግበው፣ አርሰኒኩ በበዛበት የፊኛና የሳንባ ካንሰርም እንደሚበዛ አሳዩ። አሜሪካ በ2001 የመጠጥ ውሃ ገደቧን በሊትር ከ50 ወደ 10 ማይክሮግራም ለማውረድ የወሰነችው በዋናነት የታይዋንን መረጃ ይዛ ነው። ልብ በሉ፦ ማፍላት አርሰኒክን አያጠፋም!

ጥያቄ፦ ከምክትል ፕሬዚዳንት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር እድገት ነው?
አንድ አባል፦ በደንብ! የእኛን አገር አታይም?
ሌላ አባል፦ የእኛው በፓርላማ ይመረጣል። የእነሱን ፕሬዚዳንቱ ነው የሚሾመው።
አንድ አባል፦ ታዲያ ተላላኪ ነው በለኛ።
ሌላ አባል፦ ካቢኔ የሚመራ ተላላኪ አይተህ ታውቃለህ?
መልስ፦ ተው እንጂ! ከ1997ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ወዲህ ሹመቱ የፓርላማ ድምፅ አያስፈልገውም። ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ከ2016 እስከ 2020 ነው። ጃንዋሪ 2023 ፕሬዚዳንቷ ሳይ ኢንግወን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርጋ ሾመቻቸው፣ ሜይ 2024 የእሷ ዘመን ሲያበቃ ወረዱ። በቃ።

ጥያቄ፦ ካቶሊክ ናቸው?
መልስ፦ አዎ። አውሮፓ ውስጥ ታይዋንን በይፋ የሚያውቃት ቫቲካን ብቻ ስለሆነ እምነታቸው ለዲፕሎማሲውም በጅቷል።

ጥያቄ፦ የታይላንድ ንጉሥ ስለ እሳቸው ምን አሉ?
መልስ፦ ታይዋን! ታይ-ዋን!

ጥያቄ፦ ዶክተሩ የኮቪድ በሽተኛ ያክሙ ነበር?
መልስ፦ ሐኪም አይደሉም አልኩ እኮ። ቀጥሎ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ስምጥ ሸለቆ ነኝ፣ የጉድጓድ ውሃ አፍልቼ ነው የምጠጣው።
መልስ፦ ማፍላት አርሰኒኩን አያጠፋውም፣ እንዲያውም ውሃው ሲተን ያከማቸዋል። እናንተ ጋ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከፍሎራይድ ሌላ አርሰኒክም ተገኝቷል። ዛሬውኑ ወረዳችሁ ውሃ ቢሮ ሂድና የጉድጓዱን የላብራቶሪ ውጤት ጠይቅ። ካልተመረመረ ይመርመርልኝ በል።