ኮምፒውተሩ ኔትወርኩ ውስጥ አለ፤ ኢንተርኔቱ ግን የት ቀረ? ጥያቄና መልስ

የኔትወርክ ዝርጋታና ጥገና የዘወትር ሥራዬ ነው። ጥያቄዎቻችሁን ከመቀበሌ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ኢንተርኔት አይሠራም» የሚለው አቤቱታ ብቻውን ብዙ አይነግረኝም። መልእክት ከኮምፒውተራችሁ ተነሥቶ በገመድ ወይም በዋይፋይ ወደ ራውተሩ ይሄዳል፤ ከራውተሩ ወደ አገልግሎት ሰጪው፣ ከዚያም ወደሚፈለገው ሰርቨር ይዘልቃል። እስከ የት ደርሶ እንደቆመ ሳታውቁ አንድም ቅንብር አትንኩ። ብዙ ጊዜ የምጠራው የመጀመሪያውን ብልሽት ለመጠገን ሳይሆን በችኮላ የተነካካውን ለመመለስ ስለሆነ፣ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ ከተሰኩ ስድስት ኮምፒውተሮች የእኔ ብቻ ኢንተርኔት አይከፍትም። የሚገርመው፣ የጋራ ፋይሎችን እከፍታለሁ፤ በኔትወርኩ ላይ ባለው ማተሚያም አትማለሁ። ገመዱን ቀይሬያለሁ። ቀጥሎ ምን ልሞክር?

መልስ፦ ገመዱ ጤነኛ መሆኑን ማተሚያው አስቀድሞ መስክሮልዎታል። በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች በቀጥታ ይነጋገራሉ፤ ራውተሩ የሚያስፈልጋቸው ከኔትወርኩ ለመውጣት ሲፈልጉ ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ጎረቤቶቹን ያውቃል፤ መውጫ በሩን ግን አጥቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

አጠገብዎ የሚሠራ ኮምፒውተር መኖሩ ትልቅ ሀብት ነው። በሁለቱም ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለውን ጥቁር መስኮት ይክፈቱና የአይፒኮንፊግን (ipconfig) ትእዛዝ ይስጡ። የሚወጡትን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስተያዩ። የአይፒ አድራሻዎቹ፣ ማለትም የየኮምፒውተሩ መለያ ቁጥሮች፣ በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ቢለያዩ ደግ ነው፤ ለምሳሌ አንዱ 192.168.1.23 ሌላው 192.168.1.31። ሰብኔት ማስኩ (የኔትወርኩን ወሰን የሚያሳየው ቁጥር) እና ዲፎልት ጌትዌይ የሚለው መስመር ግን በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ጌትዌይ ማለት የራውተሩ አድራሻ፣ ያ መውጫ በር ነው።

ከዚያ በዚያው መስኮት ፒንግን (ping) ይጠቀሙ። ይህን ትንሽ መሣሪያ ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው ልክ እንደዚህ ያለ የኔትወርክ ችግር ገጥሞት ነው፤ ስሙንም የወሰደው ሰርጓጅ መርከቦች በሶናር ከሚያሰሙት ድምፅ ነው። ድምፅ ይላካል፣ ማሚቶው ይጠበቃል። መጀመሪያ ጌትዌዩን ፒንግ ያድርጉ። መልስ ከሌለ ችግሩ እዚሁ በእርስዎና በራውተሩ መካከል ነው። ከመለሰ 8.8.8.8 የሚለውን የጉግል አድራሻ ይሞክሩ። እርሱም ከመለሰ እስከ ውጭው ዓለም ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። በመጨረሻ አንድ የታወቀ ድረ ገጽ በስሙ ፒንግ ያድርጉ፤ ቁጥሩ መልሶ ስሙ ካልመለሰ ጥፋቱ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው የዲኤንኤስ ነው። ለፒንግ እንዳይመልሱ የተከለከሉ መሣሪያዎች ስላሉ፣ ዝምታ ሲገጥምዎ በሚሠራው ኮምፒውተር ላይም ያንኑ ሞክረው ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ እንዳሉኝ አደረግሁ። የእኔ ጌትዌይ 192.168.1.11 ይላል፤ የሌሎቹ ሁሉ 192.168.1.1 ነው። ፒንግ ሳደርገው ምንም አይመልስም።

መልስ፦ ተገኘ! አንዲት ቁጥር 1 ተደግማ ነው የተጻፈችው። አድራሻው በእጅ የተሞላ መሆን አለበት። በኔትወርክ ካርዱ ቅንብር ውስጥ ገብተው አድራሻውን በራሱ እንዲወስድ የሚለውን ይምረጡ። ይህ ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ የተሰጠው በምክንያት ከሆነ ግን፣ ጌትዌዩን ብቻ አርመው የቀረውን እንዳለ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የእኔ ኮምፒውተር አድራሻ በ169.254 ይጀምራል። የራውተሩን ሳጥን ገልብጬ ባየው እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ከየት መጣ?

መልስ፦ ኮምፒውተርዎ ራሱ ያወጣው ነው። ሲበራ ዲኤችሲፒ የሚባለውን አድራሻ አዳይ ይጣራል፤ በቤትና በትንንሽ ቢሮዎች ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ራውተሩ ነው። መልስ የሚሰጠው ሲያጣ ከ169.254 ክልል አንድ አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። በዚህ አድራሻ ኢንተርኔት አይገኝም፤ ሆኖም ጠቃሚ መልእክት ነው፤ «ጮኼ ነበር፣ የሰማኝ የለም» ማለቱ ነው።

የኔትወርክ ካርዱን መብራት ይመልከቱ። ካልበራ ገመዱ፣ መሰኪያው ወይም የስዊቹ ቀዳዳ ነው። በመዳብ ገመድ ከሆነ ርዝመቱ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። መብራቱ በርቶ ሌሎች ሰዎችም ያንኑ 169.254 ካገኙ ራውተሩ ወይም የእርሱ ዲኤችሲፒ ቆሟል። ሌሎች ደኅና ሆነው አዲስ የሚገባ ሰው ብቻ የሚቸገር ከሆነ ደግሞ አድራሻው አልቆ ይሆናል፦ ራውተሩ የመጨረሻ ቁጥራቸው ከ100 እስከ 149 የሆኑ አድራሻዎችን ብቻ እንዲያድል ተደርጎ ከሆነ 51ኛው መሣሪያ ባዶ እጁን ይቀራል። ስልኮችም እንደሚቆጠሩ አይርሱ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ይሠራል፤ ብሮውዘሩ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። እንዴት ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ኢንተርኔት ስላለ ነው። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን አድራሻ በቁጥር ስለሚያውቅ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ቢሞትም መሥራት ይችላል። ብሮውዘር ግን ያለ ዲኤንኤስ የሚጽፉለትን የድረ ገጽ ስም አያውቀውም። ዲኤንኤሱን ለጊዜው 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርገው ይሞክሩ። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ ግን የውስጥ ሰርቨሮችን ስም የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ዲኤንኤስ ብቻ ስለሆነ፣ ከሙከራው በኋላ ወደነበረበት ይመልሱት።

ስሙም በፒንግ ከመለሰና ብሮውዘሩ ብቻ እምቢ ካለ፣ የፕሮክሲ (ብሮውዘሩን ወክሎ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣ አማላጅ ሰርቨር) ቅንብርን ይዩ። ሌላ ቦታ ሲሠሩበት የተሞላ ፕሮክሲ ሳይጠፋ መቅረቱ ደጋግሞ ያጋጥመኛል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ገጽ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ይከለክለኛል።

መልስ፦ የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት ይመልከቱ። ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ የድረ ገጾቹ የደኅንነት ሰርተፊኬት ጊዜው ያልደረሰ ይመስለዋል። አጥፍተው ባበሩት ቁጥር ቀኑ የሚዛባ ከሆነ በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃለች። ቀኑ ትክክል ሆኖ ማስጠንቀቂያው ከቀጠለ ግን አልፈው አይግቡ፤ በእርስዎና በድረ ገጹ መካከል የገባ ሰው ሊኖር ይችላል።

ጥያቄ፦ በቢሯችን ጠዋት ጠዋት የተወሰኑ ኮምፒውተሮች ኢንተርኔት ያጣሉ። በማግሥቱ ደግሞ ሌሎች ናቸው። ሥርዓት የለውም። የዋይፋይ ሽፋን ለማስፋት አንድ አሮጌ ራውተር ከጨመርን ወዲህ የመጣ ይመስለኛል።

መልስ፦ ግምትዎ ትክክል ነው፤ እኔንም እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ሁለት ሙሉ ቀን አሠቃይቶኛል። ኬብል ፈትሼ፣ ስዊች ቀይሬ፣ በመጨረሻ ከአንድ ጠረጴዛ ሥር ማንም የማያስታውሰው አሮጌ ራውተር አገኘሁ።

አሮጌው ራውተርም እንደ ዋናው አድራሻ ያድላል። ኮምፒውተሮች ሲበሩ አድራሻ ይጠይቃሉ፤ ሁለት አዳዮች ሲኖሩ ቀድሞ የመለሰው ይሰማል። ዋናው የመለሰለት ይሠራል። አሮጌው የቀደመበት ግን «መውጫው እኔ ነኝ» ተብሎ ወደ ዝግ በር ይላካል። ማን እንደሚቀድም በየቀኑ ስለሚለያይ ተጎጂውም ይለያያል። ኢንተርኔት ባጣ ኮምፒውተር ላይ ጌትዌዩን ቢያዩ የአሮጌውን ራውተር አድራሻ ያገኙታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። በአሮጌው ላይ ዲኤችሲፒውን ያጥፉ፤ ከዋናው ጋር የማይጋጭ፣ ዋናው ከሚያድለው ክልል ውጭ የሆነ አድራሻ ይስጡት፤ ገመዱንም ላን (LAN) ከተባሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ይሰኩ። ከዚያ በኋላ ዋይፋይ ከማሠራጨት በቀር በሌላው ጉዳይ አይገባም።

በዚሁ አጋጣሚ፦ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት በፍጥነት ብልጭ ድርግም እያሉ ኔትወርኩ በሙሉ ከሞተ፣ ሁለቱም ጫፎቹ በአንድ ስዊች ላይ የተሰኩ ገመድ ይፈልጉ። መልእክቱ በክብ እየዞረ ራሱን ያባዛል። ይህን የሚከላከለውን ስልት የኮምፒውተር ሳይንቲስቷ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ፈጥራዋለች፤ ርካሽ ስዊቾች ብዙዎቹ ግን የላቸውም።

ጥያቄ፦ ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ይስተካከላል። በየሳምንቱ እንዲህ ማድረግ ችግር አለው?

መልስ፦ ማጥፋትና ማብራት አይጎዳውም። ነገር ግን በየሳምንቱ የሚያስፈልግ ከሆነ ሙቀቱን፣ የኃይል መስጫውንና የሶፍትዌሩን እድሳት ይመርምሩ። እባክዎ በመርፌ የሚጫነውን ትንሽ ቀዳዳ ግን አይንኩ። እርሱ ማጥፊያ አይደለም፤ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ያደርገዋል። አገልግሎት ሰጪው የሞላው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ይጠፋል፤ የአምስት ደቂቃ ችግር የቀናት ጥበቃ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ፒንግ ሁሉ ይመልሳል፤ ዲኤንኤስም ደኅና ነው። አንዳንድ ገጾች ግን ግማሽ ድረስ ተከፍተው ይቀራሉ።

መልስ፦ ትንሹ የመረጃ ጥቅል ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል ማለት ነው። የኢተርኔት ጥቅል እስከ 1500 ባይት ይይዛል፤ ፒፒፒኦኢ በሚባለው መንገድ የሚገናኙ ከሆነ ግን 8 ባይት ስለሚወሰድ 1492 ብቻ ይቀራል። እንዳይከፋፈል በሚከለክለው ምርጫ 1472 ባይት ፒንግ ያድርጉ፤ 28 ባይት የራስጌው ስለሆነ ድምሩ 1500 ይመጣል። እምቢ ካለ 1464 ይሞክሩ። እርሱ ካለፈ በራውተሩ ላይ ኤምቲዩ (MTU፣ የጥቅሉ ትልቁ መጠን) የሚለውን 1492 ያድርጉና ያንኑ ገጽ እንደገና ይክፈቱ።