በጨለማ መድረክ ፎቶ ለምታነሱ ወጣቶች

ውድ ወጣት ፎቶ አንሺዎች፣

የኮንሰርት ፎቶ ስታነሱ ከሁሉ በላይ የምትፈሩት ኖይዝን ነው። አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) ከፍ ካለ ፎቶው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል ብላችሁ 800 ላይ ትቆልፉታላችሁ፤ ካሜራው ብርሃን ሲያጣ ሹተር ስፒዱን (ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 1/40 ሰከንድ ታወርዳላችሁ። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት የዘፋኙ ዓይን ደብዝዟል፣ የጊታሪስቱ ጣቶች የሉም። ፍርሃቱ ያለቦታው ነው። ኖይዝ በኤዲቲንግ ይቀነሳል፣ ስልክ ላይ ሲታይም አብዛኛው አይታወቅም። በእንቅስቃሴ የተደበዘዘን ዓይን ግን የነበረውን አድርጎ የሚመልስ ሶፍትዌር የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ሹተሩን ወስኑ፣ ቀጥሎ አፐርቸሩን (ሌንሱ ብርሃን የሚያስገባበትን ቀዳዳ) ክፈቱ፣ የጎደለውን አይኤስኦ ይሙላው። 3200 ይሁን 6400 አትጨነቁ።

ማይክ ይዞ ቆሞ ለሚዘፍን 1/160 ወይም 1/200 ይበቃል። መድረኩን ለሚያካልል 1/400 ያስፈልጋል። እስክስታ ግን ለብቻው ነው፤ ትከሻ 1/250 ላይም ይደበዝዛልና ከ1/500 ጀምሩ። ሌንሱ ላይ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የእናንተን እጅ እንጂ የተወዛዋዡን ትከሻ አያቆምም። ይህን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው።

ሙሉ ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ ካልገዛሁ አልሠራም የሚለው ሰበብ አይዋጥልኝም። ገንዘብ ካላችሁ ለሌንስ አውሉት። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ እስከ 55 ሲሳብ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ደግሞ ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማለትም በዚያው አይኤስኦ 1/25 ላይ ተቸግራችሁ የነበራችሁት 1/250 ላይ ትሠራላችሁ። ዋጋውም አለው፤ በሙሉ ፍሬም ካሜራ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8 ከፍታችሁ 3 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ብታነሱ፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ማይክራፎኑ ላይ ፎከስ ከያዘ ዓይኑ ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ከፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ቁሙ የምላችሁ። ማይኩ አፍ አይሸፍንም፣ ፎከሱም ያለ ከልካይ ፊት ላይ ያርፋል።

ፎከሱን ካሜራው እንዲመርጥ አትተዉለት። አንድ ነጥብ ምረጡና ቅርብ ያለው ዓይን ላይ አድርጉ። በቆዩት ዲኤስኤልአሮች (ውስጣቸው መስታወት ባላቸው ካሜራዎች) በጨለማ ይበልጥ የሚታመነው የመሃሉ ነጥብ ነው፤ በአዲሶቹ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች ዓይን ተከታዩ ጥሩ ይሠራል፣ ጭስ ሲለቀቅ ግን ይዋልላል። ተከታታይ ፎከስ ተጠቀሙ፤ ካነን ኤአይ ሰርቮ፣ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ-ሲ ይሉታል። ከካሜራው ፊት የሚበራውን የፎከስ አጋዥ መብራት አጥፉት፤ ዘፋኙ ዓይን ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንቅስቃሴ ሁሉ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቅጽበት ይቆማል። የማሲንቆው ደጋን ጫፍ ደርሶ ሊመለስ ሲል፣ ዘላዩ ወደ ላይ መውጣቱን ጨርሶ መውረድ ሳይጀምር፣ የድራመሩ ዱላ ከፍ ብሎ ሊወርድ ሲል። ያን ቅጽበት ካገኛችሁት 1/125 እንኳን ጥርት ያለ እጅ ይሰጣችኋል፤ አይኤስኦውም በዚያው ልክ ይወርዳል። ለማግኘት ግን ምቱን መስማት ያስፈልጋል። ጣታችሁ ከምቱ ጥቂት ቀድሞ ይጫን፤ አይታችሁ ከተጫናችሁ አልፏል። ዘፋኝም ረጅም ድምፅ ጨርሶ ከማይኩ ራቅ ሲል ፊቱ ይገለጣል፣ ሰውነቱም ይረጋል። 3 ወይም 4 ፎቶ በተከታታይ ይበቃል። ሹተሩን ሳትለቁ ከያዛችሁት ካሜራው ካርዱ ላይ መጻፍ ያቅተውና ወሳኙ ጊዜ ላይ ይቆምባችኋል።

የብርሃን ልኬቱን በማንዋል፣ ማለትም ራሳችሁ እየወሰናችሁ ሥሩ። ጥቁር መጋረጃ ያለበትን መድረክ ካሜራው በራሱ ከለካው፣ ጨለማውን ግራጫ ለማድረግ ሲል ፊቱን ያቃጥለዋል። የእኛ መድረክ ደግሞ ተጨማሪ ፈተና አለው፤ ጠይም ፊትና ነጭ የሀገር ልብስ በአንድ መብራት ሥር። ለፊቱ ብትለኩ ጥለቱ ነጭ ሆኖ ይጠፋል፣ የጠፋው ደግሞ አይመለስም። ስፖት ሜትሩን (የአንድ ትንሽ ቦታን ብርሃን ብቻ የሚለካውን) ነጠላው ላይ አሳርፉና የብርሃን ጠቋሚው +2 አካባቢ እስኪደርስ ክፈቱ። የጨርቁ ሸካራነት ይተርፋል፤ ፊቱ ጠቆር ብሎ ቢወጣም በሮው (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ) ፋይል ላይ 1 ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን በእጥፍ ማንሳት ቀላል ነው። ጄፔግ ብቻ ካነሳችሁ ይህ ዕድል በጣም ይጠብባችኋል። ልብሱ ጥቁር ከሆነ ፊቱን በስፖት ለክታችሁ፣ ለጠይም ቆዳ ጠቋሚውን -1 ገደማ አውሉት፤ ዜሮ ላይ ካዋላችሁት ቆዳው ከተፈጥሮው ገርጥቶ ይወጣል።

የኤልኢዲ መብራት ሌላ ጣጣ አለው። ድፍን ሰማያዊ ወይም ድፍን ቀይ ሲሆን አንዱ ቀለም ሞልቶ ይፈሳል፣ ሌሎቹ ሁለቱ ባዶ ይቀራሉ፤ ፊቱም ዝርዝር የሌለው ቀለም ይሆናል። ተራው ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ደህና ነው ሊላችሁ ይችላል፤ ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየውን ክፈቱና ከ2/3 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሱ። ካልዳነ ጥቁርና ነጭ አድርጉት። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመብራት ባለሙያውን እጅ ማጥናት ነው፤ በአዝማቹ ላይ ነጭ የፊት መብራት የሚለቅ ከሆነ ቀጣዩን አዝማች ጠብቁ። ፎቶው ላይ አግድም መስመሮች ካያችሁ ደግሞ ድምፅ አልባውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፍታችሁ በሜካኒካሉ ሥሩ፤ ካልበቃ ወደ 1/100 ውረዱ፣ የሀገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በቀጥታ ከእሱ ጋር የሚርገበገበው መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል።

በትልልቅ ዓለም አቀፍ ኮንሰርቶች የተለመደው ደንብ የመጀመሪያዎቹን 3 ዘፈኖች ብቻ፣ ያለ ፍላሽ ማንሳት ነው። ስለዚህ ሳውንድ ቼክ ላይ ተገኙ፣ አዘጋጆቹንም የት መቆም እንደሚፈቀድ ቀድማችሁ ጠይቁ። አዝማሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ቴሌፎቶ ጥቅም የለውም፤ 35 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። እዚያ ፎቶው ያለው ግጥሙ የተወረወረለት እንግዳ ፊት ላይ ነው። አዝማሪውና እንግዳው ከእናንተ እኩል ርቀት ላይ የሚሆኑበትን ቦታ ፈልጉ፤ ኤፍ 2.8 ላይ ሁለቱም ጥርት ብለው ይወጣሉ። እንግዶቹን ግን አስፈቅዱ። ምሽቱን እዚያ ማሳለፉ እንዲታወቅበት የማይፈልግ ሰው አለ፣ ምክንያቱም የእናንተ ጉዳይ አይደለም።

ለጆሯችሁ መሰኪያ ያዙ፤ የምትቆሙት ስፒከሩ አጠገብ ነው። ተጨማሪ ባትሪ፣ ሁለት ካርድ። ካርዱን ደግሞ ፎቶዎቹ ሁለት ቦታ መገልበጣቸውን ከፍታችሁ ሳታዩ ፎርማት አታድርጉ።