ሽጉጡ ነው ወይስ ተኳሹ? ስለ ውድድር ተኩስ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁም። በሽጉጥ ተኩስ ውድድር ቆየት ብያለሁ፤ ጀማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። አዘውትሮ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ለውጤት ወሳኙ የሽጉጡ ምርጫ ነው ወይስ የተኳሹ ብቃት? ዛሬ በዚሁ ጉዳይ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ፣ ሽጉጡ ወይስ ሰውየው?

ሰውየው፤ ያውም በሰፊ ልዩነት። ጎበዝ ተኳሽ መካከለኛ ሽጉጥ ብትሰጠው ጥቂት ነጥብ ይጥላል እንጂ ጎበዝነቱ አይጠፋም። ጀማሪ ግን ምርጡን ቢይዝም ያው ጀማሪ ነው። ቢሆንም «ሽጉጥ ለውጥ አያመጣም» የሚለውን አልቀበልም። ለውጥ ያመጣል። የት ላይ እንደሚያመጣ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ «ሰውየው» ማለት ቀላል ነው። ማስረጃህ ምንድን ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሒሳብ እንየው።

በ25 ሜትር የሽጉጥ ውድድር፣ በዝግታ በሚተኮስበት ክፍል፣ የ10 ነጥቧ ክብ ወርዷ 50 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ሽጉጥ ይዘህ ቆመሃል እንበል። ክንድህ ይወዛወዛል፤ የማይወዛወዝ ክንድ የለም። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያው እንደተስተካከለ ሽጉጡ እንዳለ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ጥይቱም የሚስተው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አሁንም 10 አገኘህ።

የፊት ማነጣጠሪያው ከኋላው አንጻር 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛባስ? በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል 16 ሴንቲ ሜትር ያለው ተራ ሽጉጥ ከሆነ ጥይቱ 156 ሚሊ ሜትር ርቆ ያርፋል። 10 የነበረው 4 ሆነ ማለት ነው። ርቀቱ 22 ሴንቲ ሜትር በሆነ የውድድር ሽጉጥ ያው 1 ሚሊ ሜትር ስህተት ወደ 114 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። 6 ታገኛለህ።

ልብ በሉ፤ ሽጉጥ መቀየሩ ሁለት ነጥብ ሰጠህ። ያቺን ሚሊ ሜትር ማጥፋት ግን ስድስት ነጥብ ይሰጥህ ነበር። ያቺ ሚሊ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው ምላጭ ከሚስበው ጣት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምላጩ የሽጉጡ አካል አይደለም እንዴ?

ነው። ሽጉጥ ከሽጉጥ በጉልህ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ለአገልግሎት የተሠሩ ሽጉጦች ምላጫቸው ከ2 ኪሎ በላይ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሽጉጡ ራሱ ግን 1 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ከዕቃው ክብደት በእጥፍ በሚበልጥ ጉልበት እየሳብክ ዕቃውን ሳታነቃንቅ ለመቆየት መሞከር ቀላል አይደለም። በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ ለ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ዝቅተኛው የምላጭ ክብደት 500 ግራም፣ ለ25 ሜትር ሽጉጥ 1000 ግራም ነው። ልዩነቱን ጣትህ ወዲያው ያውቀዋል። ያም ሆኖ 500 ግራሙንም መንጭቆ የሚስት ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ያ በፓሪስ ኦሎምፒክ እጁን ኪሱ ከትቶ የተኮሰው ቱርካዊስ? ያለ ምንም ልዩ አጋዥ ዕቃ ነው ያሸነፈው ይባላል።

ዩሱፍ ዲኬች ነው። ሰው ወዶታል፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን የተወራው ሁሉ ልክ አይደለም።

በ2024 ከሼቫል ኢላይዳ ታርሃን ጋር በ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ድብልቅ ቡድን ያገኘው ብር ነው። ወርቁን ሰርቢያዎች 16 ለ14 ወስደዋል። እሱ ያላደረገው ልዩ የተኩስ መነጽርና የዓይን መከለያ ነው፤ በተራ መነጽር ተኮሰ። የያዘው ሽጉጥ ግን እንደ ሌሎቹ ሁሉ ለውድድር የተሠራ ነው። እጅ ኪስ መክተትም የተለመደ ነገር ነው፤ ሥራ የሌለው እጅ ሰውነትን እንዳያወዛውዝ ነው። ሰውየው ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ኦሎምፒክ የሚወዳደር አንጋፋ ነው። ከመንገድ ተነስቶ የመጣ ሰው አድርጎ ማውራት ልፋቱን መቀነስ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ሽጉጡ ራሱ ወሳኝ ሆኖ ያውቃል? አንድ ምሳሌ።

ያውቃል። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ሶቪየቶች ኤምሲ-3 የሚባል ሽጉጥ ይዘው መጡ። የተገለበጠ ይመስላል፤ አፈሙዙ ዝቅ ብሎ ከእጅ ጋር እኩል ነው የተሠራው። በተራ ሽጉጥ አፈሙዙ ከእጅ በላይ ስለሆነ ሲተኮስ ጫፉ ወደ ላይ ይዘላል። በዚህኛው ግን ግፊቱ ቀጥታ ወደ ክንድ ስለሚሄድ አፈሙዙ ብዙም አይነሳም። አምስት ዒላማ በ4 ሰከንድ በሚመታበት የፍጥነት ውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ በደንብ ታገደ።

ከዚህ የምረዳው፣ ደንብ አውጪዎች የመሣሪያን ብልጫ ሆን ብለው ሲያጠቡት እንደኖሩ ነው። ዛሬ ለፍጻሜ የሚደርሱት ሁሉ እኩል ጥራት ያለው ሽጉጥ ይይዛሉ። የሚቀረው ልዩነት የሰው ነው።

ጥያቄ፦ እየሮጡ በሚተኮስበት ውድድርስ? እዚያ መሣሪያ የሚበልጥ ይመስለኛል።

ትንሽ ልክ ነህ። በ1976 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የፕራክቲካል ተኩስ ኮንፌዴሬሽን ውጤት የሚሰጠው ነጥብን ለሰከንድ በማካፈል ነው። 60 ነጥብ በ10 ሰከንድ 6 ነው፤ በ8 ሰከንድ 7.5። ባለ ቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያና ግፊት የሚቀንስ አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ሰከንድ ያተርፋል። ለዚህ ነው «ኦፕን»፣ «ስታንዳርድ»፣ «ፕሮዳክሽን»፣ «ሪቮልቨር» እየተባለ ተወዳዳሪው በሽጉጡ ዓይነት የሚከፋፈለው። በየምድቡ ውስጥ ግን ሰከንዱ የሚጠፋው ከቦታ ቦታ ሲኬድ፣ ካዝና ሲቀየርና ሽጉጥ ሲነሳ ነው።

ጥያቄ፦ ሪቮልቨር፣ ያ ጥይቱን በሚሽከረከር ከበሮ የሚይዘው ሽጉጥ፣ ጊዜው አላለፈበትም?

አሜሪካዊው የውድድር ተኳሽ ጄሪ ሚኩሌክ በሪቮልቨር ስድስት ተኩሶ፣ ጥይት ሞልቶ፣ ስድስት ደግሞ ለመጨረስ የወሰደበት 2.99 ሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁሉም ተኳሾች ያንተን ሐሳብ የሚያሳይልህ ማን ነው?

ብዙ ሰው ሃንጋሪያዊውን ካሮይ ታካችን ይጠራል። ልክ ነው፤ በ1938 የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁን ጎድቶበት በግራው ተለማምዶ በ1948ና በ1952 ኦሎምፒክ ወርቅ አገኘ። የሚገርም ሰው ነው።

እኔ ግን ኮሪያዊውን ጂን ጆንግ-ኦን እመርጣለሁ። የ2016 የሪዮ ኦሎምፒክ፣ የ50 ሜትር ሽጉጥ ፍጻሜ። ዘጠነኛው ጥይቱ 6.6 ሆነ። በዚያ ደረጃ 6.6 ማለት አለቀ ደቀቀ ማለት ነው፤ ወደ ሰባተኛ ወረደ። ከዚያ አንድ በአንድ እያለፈ መጣና በ193.7 አዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ይዞ አሸነፈ። ለሦስተኛ ተከታታይ ኦሎምፒክ መሆኑ ነው። 6.6ም የመታው፣ ወርቁንም ያመጣው ያው አንድ ሽጉጥ ነው። በመሃል የተለወጠው ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ነገር ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሽጉጥ ብቀያይርም ውጤቴ አልነቃነቅ አለ። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ቀኝ እጅህ ከሆነ የምትተኩስበት ልጠይቅህ። ጥይቶችህ ወደ ታችና ወደ ግራ ያዘነብላሉ? ከሆነ ችግሩ ሽጉጡ አይደለም። ድምፁንና ግፊቱን ጠብቀህ፣ ከመፈንዳቱ በፊት እጅህን ትጫናለህ።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጓደኛህ አንተ ሳታይ ካዝናው ውስጥ ከእውነተኛው ጥይት ጋር የማይፈነዳ የልምምድ ጥይት ይደባልቅልህ። ተረኛው የማይፈነዳው ሲሆን ቀጭ ብሎ ይቀራል። ያኔ አፈሙዙን እይ። ዝቅ ብሎ ከሰገደ መልሱን አገኘህ። ይህን አንዴ በዓይኑ ያየ ሰው ሌላ ሽጉጥ ማሰቡን ይተዋል።

ጥያቄ፦ እጄ ትንሽ ነው። ለሴት የሚመች ሽጉጥ አለ?

እህቴ፣ የሴትና የወንድ ብለሽ አትፈልጊ፤ በእጅሽ ልክ ፈልጊ። ባዶ መሆኑን አረጋግጠሽ ሽጉጡን ያዢው፤ አፈሙዙ ከክንድሽ ጋር ቀጥ ይበል። የሌባ ጣትሽ ጫፍ ያለው ልስልስ ክፍል ሳትንጠራሪ ምላጩ ላይ ካረፈ ልክሽ ነው። ለመድረስ እጅሽን ማዞር ካስፈለገሽ ተይው፤ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን። ልክ ያልሆነ እጀታ መጥፎ ልማድ ያስተምራል፤ ጀማሪ ላይ ሽጉጥ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው እዚህ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ የትኛው ካሊበር (የጥይት ውፍረት)?

.22። ግፊቱ ትንሽ ነው፤ ስህተትህን አይደብቅብህም። ዓይንህን ጨፍነህ መተኮስም አትለምድም።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ያለ ጥይት መለማመድ ይጠቅማል?

በጣም። ምርጦቹ ተኳሾች ሳይቀሩ ምላጭ የሚስቡት ባብዛኛው በባዶ ሽጉጥ ነው። ግን ጥይቱ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሽጉጡን ሁለት ጊዜ ፈትሽ፤ በዓይንህም በጣትህም። አፈሙዙ ጥይት ወደማያሳልፍ ግድግዳ ይዙር። ልምምዱ ሲያልቅ «አንድ ልድገም» አትበል፤ አደጋው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። በነጩ ግድግዳ ላይ የፊት ማነጣጠሪያውን ብቻ እያየህ ምላጩን ሳብ። ቀጭ ሲል ማነጣጠሪያው ካልተነቃነቀ ጥሩ ተኮስክ።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሽጉጥ መቀየር ያለብኝ መቼ ነው?

ሽጉጡን ከምትጠቀምበት ጥይት ጋር በማሠሪያ አጥብቀህ ወይም በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈህ አሥር ጥይት ተኩስ። ከዚያ በእጅህ ቆመህ ሌላ አሥር። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። በእጅህ የተኮስከው ከተደገፈው በብዙ ከሰፋ ልምምድህን ቀጥል፤ ገንዘብህን ጥይት ግዛበት። ሁለቱ ከተቀራረቡና የተደገፈውም ከ10 ነጥቧ ክብ እየወጣ ካስቸገረ፣ ሽጉጡ ወደኋላ እየጎተተህ ነው። ያኔ ቀይረው።