ሥራዬን ልተው ወይስ ልቀጥል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ ሂሳብ ሥራ ላይ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ሥራው መጥፎ ሆኖ አይደለም ግን ጠዋት ስነሳ ጭንቅ ይለኛል። ከድሮም አስተማሪ ብሆን የሚል ነገር ውስጤ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልተው አልተው እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ፣ ባለቤቴ የፈለግሽውን አድርጊ ይለኛል፣ እናቴ ደግሞ «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እያለች ትተርትብኛለች፣ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ ጥቅምና ጉዳቱን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ጠዋት እቀደዋለሁ። ሰው እንዴት ነው የሚወስነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ቆም ያልኩት «ሁለት ዓመት» የምትለዋ ላይ ነው። ሦስተኛ ዓመት ብታስቢበት አዲስ ነገር የሚመጣልሽ አይመስለኝም፣ ያንን ወረቀት የምትሞይው እኮ በግምት ነው፣ አንድም ቀን ተማሪ ፊት ቆመሽ አታውቂም።

ግምታችን ደግሞ እዚህ ላይ ደካማ ነው። ዳንኤል ጊልበርትና ቲሞቲ ዊልሰን የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ይህንኑ ነው፣ ሰው ወደፊት የሚሰማውን ደስታም ሆነ ሀዘን ሲገምት ብዙ ጊዜ አጋኖ ነው የሚገምተው፣ ስሜቱ የሚቆይበትንም ጊዜ እንደዛው። በዛ ላይ ማጣት ከማግኘት ይበልጥ ይከብደናል፣ ካህነማንና ተቨርስኪ የሚባሉ ሌሎች የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ይህን ጽፈውታል። ስለዚህ በእጅሽ ያለው ደሞዝ ተራራ ሆኖ ይታይሻል፣ ያልቀመስሽው ማስተማር ደግሞ ሚዛን ላይ ላባ ነው። በእናትሽ ግን አልፈርድም፣ ገደሉ እውነት ሊኖር ይችላል። ገደል መኖሩን ለማየት ጠጋ ማለት ይበቃል እንጂ መዝለል አያስፈልግም።

የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ቢሮዬን ትቼ ፎቶ አንሺ ልሁን ብዬ ልቤ ተነስቶ ነበር፣ አንድ ጓደኛዬ ካሜራውን አዋሰኝና አራት ቅዳሜ ብቻ እንድሞክር መከረኝ። ከመጀመሬ በፊት ደብተሬ ላይ «ኤዲቱ ትንሽ ይሰለቸኛል ግን እለምደዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ የአንድ ልጅ ልደት ነበር፣ 600 ፎቶ አነሳሁ፣ በደስታ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዛ ሚሞሪ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካሁ፣ ፎልደሩን ከፈትኩ፣ አየሁት፣ ዘጋሁት። ዘጠኝ ቀን! ሁለተኛውም ቅዳሜ እንደዛው ሆነ፣ ከዛች ከጻፍኳት መስመር ስር «ዛሬም አልከፈትኩትም» የሚል አምስት ጊዜ ተጽፏል። ለካ የናፈቀኝ ከቢሮ ወጥቶ ከሰው ጋር መዋል ነው፣ ያንን ደግሞ እዛው መሥሪያ ቤት ክፍል ቀይሬ አገኘሁት። ያ ደብተር ባይኖር ኖሮ ግን «ጊዜ አጥቼ ነው» ብዬ ራሴን አሳምን ነበር።

አንቺም እንደዚሁ አድርጊ። ከዘመድ ወይ ከጎረቤት ሁለት ሦስት ልጆች ፈልጊና አራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት ሂሳብ አስተምሪያቸው፣ የሚያልቅበትን ቀን አሁኑኑ ቁረጪ። ከእያንዳንዱ ቀን በፊት ምን እንደሚሰማሽ ጻፊ፣ በኋላ የሆነውን ከስሩ ጻፊ። «ወደድኩት ወይ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ማንም ሳይገፋሽ ተዘጋጀሽ ወይ? ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ሳይገባው ሲቀር ሰዓትሽን አየሽ ወይስ ሌላ የማስረዳት መንገድ ፈለግሽለት? እኔ ከሁሉም በላይ ይቺን ነው የማምነው።

ሦስት ልጅ ማስተማር ግን ክፍል ሙሉ ተማሪ ማስተማር አይደለም፣ ስለዚህ የምታውቂያት አስተማሪ ካለች አስፈቅደሽ አንድ ሙሉ ቀን አብረሻት ዋይ፣ ፈተና ስታርም ጭምር። ጊልበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አንድን ነገር ቀድሞ የቀመሰው ሰው የሚነግረን ከራሳችን ምናብ ይልቅ ስሜታችንን በተሻለ እንደሚተነብይ አሳይተዋል። ገንዘቡንም ሞክሪው። ከባለቤትሽ ጋር ተስማምታችሁ ሁለት ወር በአስተማሪ ደሞዝ ልክ ኑሩ፣ የቀረውን አትንኩት፣ ካልቻላችሁ ሥራሽ እጅሽ ላይ እያለ ታውቂያለሽ፣ ከቻላችሁ ደግሞ መሸጋገሪያ ገንዘብ ተጠራቀመልሽ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም እኩል ለእኩል ሆኖ ቢቀርብሽስ? ኢኮኖሚስቱ ስቲቨን ሌቪት እንዳንቺ ያመነቱ ሰዎችን በኢንተርኔት ሳንቲም አስጥሎ ተከታትሏቸዋል፣ በትልልቅ ውሳኔዎች ላይ ሳንቲሙ «ለውጥ» ያላቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ «ባለህበት እርጋ» ከተባሉት ይልቅ ደስተኛ ነን ብለዋል። ሳንቲም ጣይ እያልኩሽ አይደለም፣ በእውነት እኩል የሆነ ምርጫ ላይ ግን ወደ ለውጡ ማዘንበል የሚያስፈራውን ያህል እንዳልሆነ እወቂው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የጠዋቱ ጭንቀት በእረፍት ቀንም የሚመጣ ከሆነ ሥራው ላይ ብቻ አታላክኪው፣ ሐኪም አማክሪ።

የመጀመሪያውን ቀን ግምትሽን ዛሬ ማታ ጻፊው፣ ያንን ወረቀት ደግሞ አደራ ጠዋት እንዳትቀጂው።